ከወፍ ዋሻ ጫካ በቃሬዛ ላወጣችሁኝ ሁሉ

ይህን የምጽፈው እግሬ በጄሶ ታስሮ፣ ሁለት ትራስ ላይ ተሰቅሎ ነው። ዛሬ 23ኛ ቀኔ። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት እንዳልረግጠው ስላዘዘኝ ጊዜ ሞልቶኛል። ስማችሁን እንዳልጠራ ለምናችሁኛልና አልጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ለማያውቁን ያህል፣ ወፍ ልናይ የወጣን ስድስት ነበርን፤ አምስት አስተማሪዎችና አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ። እኔ ባዮሎጂ ሳስተምር 19 ዓመቴ ነው። በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ አለ፣ ከእነዚህም ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኙ አሉ እያልኩ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬ፣ ከምኖርበት ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቀውን የአንኮበርን ወፍ አንድ ቀን እንኳ አይቻት አላውቅም ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ነግሬያቸው አላውቅም። አሁን እንግዲህ ያነቡታል።

አስጎብኚያችንን አስቀድማለሁ። አንተ ልጅ፣ በዕድሜ ልጄ ነህ፣ በዚህ ነገር ግን አስተማሪዬ ሆነሃል። በመጀመሪያው ቀን በለሚ ከተማ አድርገን ወደ ጀማ ሸለቆ ስንወርድ ገና አልነጋም። ደጋው ላይ ጋቢ ደርበን የነበርን ሰዎች ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሹራብ አወለቅን። ያንን በዓይኑ ዙሪያ ቀይ የሆነውን፣ ከዓባይና ከገባሮቹ ሸለቆዎች ሌላ የትም የማይገኘውን ቆቅ ፍለጋ ነበር የመጣነው። ከመካከላችን አንዱ (እኔ አይደለሁም) የቆቁን ድምፅ ከስልኩ ላይ ከፍቶ ሊጠራው ሲል ያልከው አይረሳኝም፤ «ጋሼ፣ እሱ ማለዳ የወጣው ሚስቱንና ድንበሩን ሊጠብቅ ነው፤ ከስልክ ጋር ምን ያጣላዋል?» ዝም ብለን ተቀመጥን። ከብዙ ዝምታ በኋላ ከቄጠማው ውስጥ ራሱ ወጣ፣ ድንጋይ ላይ ቆመ፣ ጮኸ።

የአንኮበሯ ወፍ ግን ያለ እረኛው ልጅ አትገኝም ነበር። ገደሉ አፋፍ ላይ ከንፋሱ ጋር ስንታገል ሁለት ሰዓት ሄደ። ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ፣ ከዚያም ወዲያ ወደ አፋር ሜዳ ስናይ ልባችን ይጠፋል፤ ከበታቻችን ጭላዶች ሳር ይነጫሉ፤ ወፏ የለችም። አንድ የአሥር ዓመት ቢሆነው ልጅ ጅራፉን አንገቱ ላይ እንደጠመጠመ መጥቶ መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል አየና፣ «ይቺን ነው እንዴ? ይቺማ ከዚያ ከናዳው አፈር አትጠፋም» አለን። ሄድን። ነበሩ፤ ሰባት ስምንት ሆነው መሬት ላይ ፍሬ ይለቅማሉ። ትንሽ፣ ቡናማ፣ ደረቷ ሰረዝ ሰረዝ ያለባት፣ እውነቱን ለመናገር ከሩቅ ድርቆሽ የምትመስል ወፍ ናት። ሳይንስ ስም ያወጣላት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ጣሊያናዊው አሳሽ አንቲኖሪና ባልደረቦቹ ከዚያ ከመቶ ዓመት በፊት፣ ከ1876 ጀምሮ፣ እዚያው አንኮበር ሥር ልጥ ማረፊያ ላይ ሰፍረው ወፍ ሲሰበስቡ ነበር፤ ሰውየው በ1882 የሞተውም እዚያው ነው። ለእነሱም እረኛ ያሳያቸው አልነበረም ይሆን? ልጄ፣ እድግ በል። ጅራፍህን ስታጮህ ወፎቹ ሁሉ ተነስተው ስለ ሄዱ አልተቆጣንህም።

አሁን ወደ መከራው ልምጣ።

በሦስተኛው ቀን ወፍ ዋሻ ጫካ ገባን። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው በላያችን ተጋጥሞ ቀትሩን አመሻሽ አስመስሎታል። ጫካው ከዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ የተጠበቀ ነው ይባላል፤ ግንዶቹን ላየ አያጠራጥርም። አስጎብኚያችን ጠዋት፣ «ወይ ሂዱ፣ ወይ ቆማችሁ እዩ፤ ሁለቱን ባንድ ላይ አታድርጉ» ብሎን ነበር። እኔ ሁለቱንም አደረግሁ። አንዲት ጉንጯ ነጭ ወፍ ከዝግባ ወደ ዝግባ ስትበር የክንፏ ውስጥ እንደ ደም ቀይ ሆኖ ተዘረጋ። ሩቅ አቅራቢ መነጽሬን ዓይኔ ላይ አድርጌ ስከተላት ጉም ያረጠበው ሥር ላይ ረገጥኩ። ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው።

የተከራየነው መኪና ሹፌር ከታች መንገዱ ላይ ይጠብቀናል ብለን ነበር። ሰው ላክንበት፤ የለም። ስልኩም ዝግ ነው። የቁራ መልእክተኛ ሆኖ ቀረ። በነገራችን ላይ የአንኮበሩ ማጅራተ ነጭ ቁራ በዚያው ጠዋት ዳቧችንን ሰርቆን ስለነበር ባልደረቦቼ፣ «ቁራ ዛሬ ሁለት ጊዜ ጎዳን» እያሉ ይስቃሉ። እኔ ያን ጊዜ አልሳቅሁም።

እህታችን ነርሷ፣ ነጠላዎን ቀደው በሁለት በትር እግሬን ጠፍረው ባያስሩት ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም። ከመንደሩ የመጡት ወጌሻ አባት ደግሞ ሌላ ናቸው። ሁላችንም ያሹኛል ብለን ስንጠብቅ፣ በጣታቸው ጫፍ ዳሰስ አድርገው፣ «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም። ወለምታ ቢሆን እመልሰው ነበር፤ አጥንቱ ተሰብሯል፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ማንም እንዳይነካው» አሉ። አባቴ፣ ሐኪሙ ፎቶውን አንስቶ ሲያየው፣ «ያላሸህ ሰው እግርህን አትርፎልሃል» ነው ያለኝ። ዕድሜ ይስጥዎ።

ከዚያ የእድሩ ቃሬዛ መጣ። ከዚያ ቃሬዛ ላይ ቀና ብዬ ሳወራ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም። ሰማንያ ስድስት ኪሎ ነኝ። አሥራ አራት ጎልማሶች አራት አራት እየሆናችሁ፣ እየተቀባበላችሁ፣ ዳገቱን በጉሙ ውስጥ አራት ሰዓት ሙሉ ተሸከማችሁኝ። አንዳችሁ ባዶ እግራችሁን ነበር፤ አይቻለሁ። ሥራ የፈታችሁበት የአጨዳ ቀን እንደነበርም ቆይቼ ነው የሰማሁት። ከመካከላችሁ አንዱ ስቃዬን ሊያስረሳኝ ብሎ፣ «መምህር፣ ለዚች ወፍ ብለው ነው የወደቁት? እኛ ቤት ድረስ ትመጣ የለ እንዴ!» ሲል ሁላችሁም ሳቃችሁ፣ ቃሬዛው ተንቀጠቀጠ፣ እኔም ጮህኩ።

ደክሟችሁ ባረፋችሁ ቁጥር አስጎብኚያችን ጆሮዬ ሥር ተቀምጦ በድምፅ ብቻ ወፍ ያስለየኝ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ከአስታ ቁጥቋጦው ውስጥ ዋሽንት የመሰለ ዜማ ተነሳ፤ ሌላኛው ከወዲያ ማዶ ተቀበለው። ከአገራችን በቀር የትም የማትዘፍን ናት፤ ስሟን ነገረኝ፣ ረስቼዋለሁ። ዜማውን ግን አልረሳሁትም። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል ሲባል ስሰማ ኖሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል በቃል የገባኝ እዚያ በጀርባዬ ተኝቼ ነው።

እማማ፣ ከደጃፍዎ ስናልፍ፣ «እኔን! እኔን ልጄን!» እያሉ በሩጫ አጥሚት ይዘው የወጡት፣ ጽዋዎን አልመለስንልዎትም። መኪና ውስጥ ሆኖ ደብረ ብርሃን ገብቷል። አሁን እኔ ቤት ነው፣ ታጥቦ ተቀምጧል። ከመኪናው ላይ ማዳበሪያውን አራግፎ፣ በሌሊት፣ ሳንቲም አልቀበልም ብሎ የወሰደን የአይሱዙ ባለቤትም ይባረክ።

ከጉዟችን የቀረን ጓሳ ብቻ ነው። መንዞች ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት የጠበቁትን ሳር፣ ቀይ ቀበሮውንም ሳናይ ተመለስን። ባልደረቦቼ ያለ እኔ አንሄድም ብለዋል። በልባቸው እንደሚያሙኝ ግን አውቃለሁ።

የመጨረሻው ቃሌ ላንቺ ነው፣ የወደቅሁበት ቦታ መነጽሬን ፈልገሽ፣ አግኝተሽ፣ በሻሽ ጠቅልለሽ ለላክሽልኝ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ። ከውስጡ ያገኘሁት ወረቀት ላይ «ሳልጠይቅ ሦስት ቀን አየሁበት፣ ይቅርታ» ብለሽ፣ ከሥሩ ያየሻቸውን 11 ወፎች በመልካቸው ዘርዝረሻል። አራተኛዋን እኔም አላውቃትም። መነጽሩን በሚቀጥለው ገበያ ከሚወጣ ሰው ጋር መልሼ እልክልሻለሁ፤ ከደብተርና ከወፍ መጽሐፉ ጋር። አራተኛዋን ፈልጊና ጻፊልኝ። ጓሳ የምንሄድ ዕለት መነጽሩን አውሺኝ።