ሳልፈርም ልጠይቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ ላይ የባንኮች የሐራጅ ማስታወቂያ የሚወጣበትን ገጽ አብዛኛው ሰው ዘልሎት የሚያልፍ ይመስለኛል። እኔ ሰሞኑን ከፊት ገጹ በፊት እሱን ነው የማነበው። የተበዳሪው ስም፣ የአስያዡ (ንብረቱን ለብድሩ መያዣ የሰጠው ሰው) ስም፣ ክፍለ ከተማና ወረዳ፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታው ስፋት በካሬ፣ የሐራጁ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት። ከሥሩ ደግሞ ተጫራቾች የመነሻውን ዋጋ ሩብ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ይዘው እንዲቀርቡ ይላል። ብዙ ጊዜ ተበዳሪውና አስያዡ አንድ ሰው አይደሉም። አስያዧ እናቱ ትሁን ሚስቱ ትሁን ሠንጠረዡ አይነግራችሁም። እዚያ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያድርም አይነግራችሁም።

ይህን ገጽ ያስለመደኝ የራሳችን ቤት ጉዳይ ነው። ባለቤቴ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ንግድ ፈቃዱ በራሱ ስም ነው፣ ኩባንያ ምናምን የለም። እኔ የግል ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ሱቁ ለዓመታት ጥሩ ነበር፣ ቤቱንም የጨረስነው በእሱ ነው። ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ሲወስን፣ ዕቃ እየገዛ ሱቁን የሚያንቀሳቅስበት የለመደው ማሽከርከሪያ ብድር ቀጥ አለ። በሐምሌ 2016 ደግሞ የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ባለቤቴ በፊት በነበረው ዋጋ ለጋራዦች በዱቤ የሰጠው ዕቃ ነበር፣ ገንዘቡ ተሰብስቦ ሲመጣ ግማሹን ዕቃ እንኳ መልሶ አይገዛም። ባንኩ ግን ወለዱን አይረሳም።

አሁን ባንኩ ብድሩን ሪሼጁል ላድርግላችሁ ይላል። ጊዜው ይረዝማል፣ ወርሃዊ ክፍያው ይቀንሳል። በምትኩ ተጨማሪ መያዣ ይፈልጋል። ያለን ተጨማሪ ነገር ቤቱ ብቻ ነው። የምንኖርበት፣ ጓሮው ላይ ያሉት የኪራይ ሰርቪሶች የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሸፍኑት፣ አማቴ ፀሐይ የሚሞቁበት በረንዳ ያለው ቤት።

ስለዚህ ባንክ ቤት ተጠራሁ። የብድር ኦፊሰሩ ልጅ ነው፣ ትሁት ነው፣ ክፉ ነገር አልተናገረኝም። ወንበር ሰጠኝ፣ ውኃ አስመጣልኝ። ከዚያ ወረቀቶቹን ደርድሮ «እርስዎ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋና እዚህ ጋ ይፈርማሉ፣ የትዳር ጓደኛ ስምምነት ነው፣ ፎርማሊቲ ነው» አለኝ። አንብቤ ልፈርም አልኩ። እሺ አለ፣ ግን ሰዓቱን አየ። አነበብኩ። የመጀመሪያው ወረቀት እውነትም ስምምነት ነው፣ ቤቱ መያዣ እንዲሆን ተስማምቻለሁ ይላል። ቀጥሎ ባለው ገጽ መሃል ላይ ግን ሌላ ነገር አለ፦ ለብድሩ፣ ለወለዱና ለወጪው ሁሉ «በአንድነትና በነጠላ» ዋስ ሆኛለሁ ይላል፤ ባንኩ ሙሉውን ዕዳ ከእኔ ብቻም ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው። የገንዘቡ መጠን የሚጻፍበት ቦታ ነጠብጣብ ነው፣ ባዶ። ይህ ምንድነው ብዬ ስጠይቅ «እሱ ሁሉም የሚፈርመው ነው» አለኝ። ኮፒውን ቤት ወስጄ ልየው ስል፣ ውሉ ሳይፈረም ከባንኩ አይወጣም ተባልኩ። ሳልፈርም ወጣሁ። ባለቤቴ መኪና ውስጥ እስክንገባ አንድ ቃል አልተናገረም።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ነው የከረምኩት። ሕግ አዋቂ አይደለሁም። ግን የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ለምንኖር በግልጽ የተጻፈ ነው (ክልሎች የየራሳቸው አላቸው)። አንቀጽ 68 የጋራ ቤትን ለመሸጥም ሆነ ለመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ለሌላ ሰው ዋስ መሆንም እንዲሁ። ከ500 ብር በላይ መበደርም ጭምር! 500 ብር ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም፣ ስለዚህ በሕጉ ቋንቋ ከሄድን አገሩ ሁሉ ሚስቱን ሳያማክር የተበደረ ነው። ያለ ስምምነት የተገባ ግዴታ ሲገኝ ደግሞ አንቀጽ 69 ፍርድ ቤት ሊያፈርሰው እንደሚችል ይናገራል፤ ነገሩ በታወቀ በስድስት ወር ውስጥ ከተጠየቀ፣ ውሉ ከተገባ ደግሞ ሁለት ዓመት ካላለፈው። አንዴ ከፈረሙ ግን ይህ ሁሉ የለም። ፊርማው የሚያስፈራኝም ለዚህ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያጽናናኝ «ካርታው በማን ስም ነው?» በማለት ነው። በባለቤቴ ስም ከሆነ የሱ ዕዳ ነው፣ በእኔ ስም ቢሆን ኖሮ አይነካም ነበር፣ እንዲህ ያለ ወሬ። ስሙ ብዙም አያድንም። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። አንቀጽ 70 ደግሞ የአንዱ ዕዳ መጀመሪያ ከግል ሀብቱ፣ የግል ሀብት ከሌለው ከጋራው ይከፈላል ይላል። ዕዳው ለትዳሩ ጥቅም የተበደሩት ከሆነማ የሁለቱም ነው፣ የእኔን የግል ንብረት ሳይቀር ይደርስበታል። ታዲያ የሱቁ ብድር ለትዳሩ ጥቅም ነው አይደለም? ቤቱ ከሱቁ ገንዘብ ነው የተሠራው። ልጆቹም ከሱቁ ገንዘብ ነው የበሉት። ተከራካሪ ጠበቃ ብሆን የምይዘው ይሄንን ነበር።

ሌላው ምክር ደግሞ የባሰ ነው። አንዲት የማከብራቸው የሰፈራችን እትዬ ቡና እየጠጣን በሹክሹክታ «ለወጉ ተፋቺና ቤቱን ባንቺ ስም አድርጊው፣ ሲረጋጋ ትጋባላችሁ» አሉኝ። እንዲህ ያደረገ ሰው እንደሚያውቁም ነገሩኝ። እኔ ግን አይዋጥልኝም። አንደኛ፣ በፍቺ ጊዜም ቢሆን ንብረት ከመካፈል በፊት የጋራ ዕዳ ይከፈል ይላል ሕጉ። ሁለተኛ፣ ሳንፋታ እርስ በርስ ቤቱን ብንቀባበል ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ የሚዋዋሉት ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ሦስተኛው የሕግ አይደለም። ባለቤቴ በዚህ ሰዓት ማታ አይተኛም፣ ሳሎን ተቀምጦ ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍቶ ያያል። ለእንደዚህ ያለ ሰው የፍቺ ማመልከቻ ፈርም ብዬ እንዴት እሰጠዋለሁ?

ስለ መክሰርም ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ባለቤቴ በንዴት «ከሰርኩ ብዬ አውጃለሁ፣ ይውሰዱት» ይላል። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የከሰረ ነጋዴ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድበትን መንገድ አስቀምጧል። ሳይከስር በፊትም ከአበዳሪዎቹ ጋር ተደራድሮ ሥራውን መልሶ የሚያደራጅበት መንገድ አለው። ጥሩ ነው። ግን ንግድ ፈቃዱ በግል ስሙ ስለሆነ የሱቁ ዕዳና የሱ ዕዳ አልተለያዩም። ቤቱን በመያዣ የያዘ ባንክ ደግሞ በቤቱ ላይ ከሌሎቹ አበዳሪዎች ይቀድማል። ማለትም ዛሬ ቤቱን ሳናስይዝ መክሰርና ነገ ቤቱን አስይዘን መክሰር ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ባንኩ ይሄን በደንብ ያውቃል፣ መያዣውን አሁን የሚፈልገውም ለዚሁ ይመስለኛል። የመክሰር በር የተከፈተው ደግሞ ለነጋዴ ብቻ ነው። እንደኔ ያለች ደሞዝተኛ በዋስትና ዕዳ ብትሰምጥ በሕጋችን ከሰርኩ የምትልበት ቦታ የላትም። ከደሞዜ በአንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ አይቆረጥም፣ እሱ ብቻ ነው መጽናኛዬ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ባንኮች ለምን ብድራቸውን ያስከብራሉ አላልኩም። የሌላ ሰው ቁጠባ ነው የሚያበድሩት። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ውሉ ላይ ከተስማሙ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላሉ። ጠንካራ ሥልጣን ነው። እንዲህ ያለ ሥልጣን ከአንዲት ፊርማ የሚመነጭ ከሆነ፣ ፊርማዋ እንዴት እንደምትወሰድ መታየት አለበት ነው የምለው።

ድሮ የቤት መያዣ ውል ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት ፊት ይደረግ ነበር። አዋጅ ቁጥር 639/2001 ሲመጣ ለባንክና ለማይክሮ ፋይናንስ ብድር ይህ አያስፈልግም ተባለ። ምክንያቱ ይገባኛል፣ ወረፋው ሰውን ያማርር ነበር። ግን በዚያው የጠፋ ነገር አለ። ውልና ማስረጃ ያለው ሰውዬ ከባንኩም ከተበዳሪውም ወገን አይደለም። «የሚፈርሙትን አውቀዋል ወይ? በፈቃድዎ ነው ወይ?» የሚል ሰው ነበር። አሁን ያን የሚጠይቀኝ፣ ቢጠይቀኝ ማለቴ ነው፣ ብድሩ እንዲያልቅለት የሚፈልገው ኦፊሰር ነው፣ ያውም ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ። ባልሽ እያየሽ «አልፈርምም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም። እኔ ማንበብ የምችል መምህርት ሆኜ ላቤ መጥቷል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች በአውራ ጣታቸው እየፈረሙ ነው።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ሲያዝ ባንኩ የውሉን ኮፒ ከፊርማው በፊት ለትዳር ጓደኛው ይስጥ፣ ጥቂት ቀን ያሳድረው። ሚስት ወይም ባል ብቻቸውን የሚነጋገሩበት ጊዜ ይኑር። ለመያዣው መስማማትና ዋስ መሆን በተለያየ ወረቀት ይሁን፣ ምክንያቱም አንዱ ቤቴን ነው፣ ሌላው ደሞዜንና ነገ የማገኘውን ሁሉ ነው። ዋስትናውም መጠኑ ይጻፍበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ያልተገለጸበት ዋስትና አይጸናም ይላል እኮ፣ ታዲያ ነጠብጣቡን ማን ነው በኋላ የሚሞላው? የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ሲወጣ ለሁለታችንም ለየብቻ ይድረስ። ብዙ ሚስቶች የሐራጁን ነገር የሚሰሙት ቤቱን ሊያይ የመጣ ደላላ በር ሲያንኳኳ ነው።

እኔና ባለቤቴ በመጨረሻ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ሳይደርቅ በእርጥብ፣ ሳይርቅ በቅርብ ነው። ስንት ለማን እንዳለበት ሁሉ በደብተር ጻፈልኝ፤ የእቁቡን ቀሪና ከጓደኞቹ የወሰደውን ጭምር። ከባንኩ ውጭ ያለው ካሰብኩት ይበልጣል። ለባንኩም ደብዳቤ ጽፈናል፦ ስምምነቱን እፈርማለሁ፣ ዋስትናውን አልፈርምም፣ ወይም መጠኑ ይጻፍ። እስካሁን መልስ የለም።

ሳላበቃ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ የሕግ ዓምድ አዘጋጃችሁ ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ቤቱ ሲሠራ ከአባቴ ውርስ የደረሰኝ ገንዘብ ጣሪያና መስኮት ላይ ገብቷል። የባንክ ደረሰኙ አለኝ። በውርስ የተገኘ የግል ሀብት እንደሆነ ሕጉ ይላል። ግን ቦታውና ግድግዳው የጋራ በሆነ ቤት ውስጥ ከገባ በኋላ ገንዘቤን ከመያዣው በፊት በፍርድ ቤት የግሌ ነው ማስባል እችላለሁ? ወይስ መፈረሜ እሱንም ይጨምራል? ከቻላችሁ ከመጪው ወር በፊት።

ስሜ እንዳይገለጽ የምሻ
መምህርት፣ ከአዲስ አበባ