የስካውት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ገመድ መቀጠል

ዘንድሮም ክበቡ ችግኝ ተክሏል፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ተለማምዷል፤ ይህ በየዓመቱ ያለ ነው። የልምምዱን ሰዓት የበላው ግን ገመድ መቀጠል ነበር። በኅዳር የተጀመረው ለከተራና ለጥምቀት እንዲደርስ ታስቦ ነው፤ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ለማስከፈት የሚዘረጋ ገመድ ከተገኘው ቁራጭ ስለሚቀጠል፣ ሕዝብ ሲገፋው ቋጠሮው መፈታት የለበትም።

አዲስ አባል ሁሉ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ቋጠሮ አንድ ነው፦ ጫፍን በጫፍ አሳልፎ ማሰር፣ ከዚያ መድገም። ሁለቱም ዙር በአንድ አቅጣጫ ከታሰረ ይንሸራተታል። ትክክለኛው መጀመሪያ ቀኙን በግራው ላይ፣ ቀጥሎ ግራውን በቀኙ ላይ ነው። ትክክል ሲሆን አጫጭር ጫፎቹ ከገመዱ ጋር ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ሲሳሳት ወደ ጎን ይገተራሉ። እሱም ቢሆን የፋሻና የጥቅል ማሰሪያ ነው እንጂ የገመድ መቀጠያ አይደለም። አንዱን አጭር ጫፍ ወደ ጎን ጠበቅ አድርጎ የሳበው ሰው ምክንያቱን ያየዋል፦ ያ ገመድ ቀጥ ይልና ሌላው በላዩ ተንሸራቶ ይወጣል።

ለመቀጠል የተመረጠው በወፍራሙ ገመድ ላይ እጥፋት የሚሠራበት ቋጠሮ ነው። የወፍራሙን ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል አጥፎ በግራ እጅ መያዝ። የቀጭኑን ጫፍ በእጥፋቱ ውስጥ ከሥር ወደ ላይ ማውጣት፣ በሁለቱም የእጥፋቱ እግሮች ጀርባ ማዞር፣ ከዚያ በራሱ በቀጭኑ ገመድ ሥር ማሳለፍ። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ ጫፉን መልሰው በእጥፋቱ ውስጥ ይከቱታል፣ ሲሳብም ይወጣል። ሁለቱ አጫጭር ጫፎች በአንድ ወገን ቢውሉ የተሻለ ይይዛል። የሚተርፈው ጫፍ የገመዱን ውፍረት 12 እጥፍ ይሁን፤ ለ1 ሳንቲ ሜትር ገመድ 12 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ቆጥቦ ማሳጠር ገመድ አያተርፍም፣ ቋጠሮ ያስፈታል።

ቃጫ ሻካራ ስለሆነ አንድ ዙር ይበቃዋል። ናይሎን ስለሚያዳልጥ፣ ወይም የውፍረቱ ልዩነት ሲበዛ፣ ጫፉ ሁለት ጊዜ ዞሮ በራሱ ሥር ያልፋል። ይህ ቋጠሮ የሚይዘው ተወጥሮ ሲቆይ ነው፤ እየላላ እየተሳበ ከዋለ ራሱን ይፈታል። ስለዚህ በየመሀሉ ይታያል፤ ሰው ለሚንጠለጠልበት ገመድ ደግሞ ጨርሶ አይታሰርም።

በክረምት ቃጫው ሲርስ ያብጣል፣ ቋጠሮውም ይጠነክራል። በጥርስ መታገል ትርፉ ጥርስ ነው፤ እጥፋቱን ወደ ኋላ ገፍቶ ማላላት ይሻላል። ለዚህም ገመዱ ወደ ዕቃ ቤት ከመግባቱ በፊት ተፈቶ በጥላ ይሰጣል፤ የናይሎኑ ጫፍ በክብሪት ይቀልጣል፣ የቃጫው በሲባጎ ይጠመጠማል።