የላክሽልኝ አውራ ዶሮ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ደሴ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በሶው በሰላም እንደደረሰሽ ከሰማች ወዲህ ሌላ ልታዘጋጅ ገብስ ስታስለቅም ውላለች። እኔ ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ላክሽልኝ ሥዕል ነው።

አውራ ዶሮውን ትናንት ማታ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ ከፈትሁት። የአንገቱ አወጣጥ፣ ወደ ኋላ የተቆለመመው የጅራቱ ላባ፣ ጠብ እንደሚፈልግ ሰው ደረቱን ነፍቶ የቆመበት አኳኋን፣ ይህ ሁሉ ያንቺ ዐይን ያየው ነው። ብዙ ጊዜ ተመለከትሁት። ከዚያ መስመሩን የሚይዙትን ነጥቦች ማረሚያ መሣሪያ ይዤ ሁሉንም ስመርጥ የሥዕል ፕሮግራሙ ኢንክስኬፕ ከመስኮቱ ግርጌ ቁጥሩን አሳየኝ፦ 611 ነጥብ። ለባለ አንድ ቀለም ዶሮ 611 ነጥብ! የእርሳስ ሥዕልሽን በስልክ አንሥተሽ መሣሪያው በራሱ ዙሪያውን እንዲከተልልሽ እንዳዘዝሽው ገባኝ። አልተቆጣሁም። ያ ትእዛዝ ለጀማሪ ትልቅ ፈተና ነው፤ አንድ ጊዜ ተጭነሽ ያለቀ ሥራ ይሰጥሻል። ነገር ግን መስመሩን የወሰነው ማሽኑ ነው፤ የእርሳስሽን መንቀጥቀጥና የወረቀቱን ጥላ ሳይቀር መስመር አድርጎ ጻፈው።

ቁጥሩ ለምን እንዳሳሰበኝ ልንገርሽ። ፎቶግራፍ የጥቃቅን ባለ ቀለም ነጠብጣቦች ስብስብ ነው፤ ሲያሳድጉት ይደበዝዛል። በኢንክስኬፕ የምንሠራው፣ ቬክተር የሚባለው ሥዕል ግን መመሪያ ነው፦ ከዚህ ተነሥ፣ በዚህ በኩል ታጠፍ፣ እዚያ ድረስ፣ ውስጡን ቀይ ሙላ። ስለዚህ በቢዝነስ ካርድ ላይ ያለው ምልክት ሳይበላሽ የሕንፃ ግድግዳ ያህል ይሆናል። በሱቃችን ያለው የስቲከር መቁረጫ ቢላዋም የሚጓዘው በዚሁ መመሪያ ነው። መስመሩ ላይ ነጥብ ሲበዛበት ቢላዋው እየተደነቃቀፈ ይሄዳል፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል፤ ስቲከሩን ስትልጪው ይቀደዳል። ዶሮሽን ቆርጬ ሞክሬዋለሁ። የጅራቱ ላባ ከወረቀቱ ጋር ቀረ።

ከዚያ እርሳስ ሥዕልሽን ከሥር አስቀምጬ፣ እንዳይንቀሳቀስ ቆልፌ፣ ከላዩ በብዕሩ መሣሪያ አዲስ መስመር አወጣሁለት። 44 ነጥብ በቃው። ፋይሉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ግን እባክሽ መጀመሪያ ራስሽ ሞክሪው፣ የእኔን ከዚያ በኋላ ትከፍቺዋለሽ።

አሁን ዋናውን ነገር ላስረዳሽ፤ እኔ የሚያስረዳኝ አጥቼ ሁለት ዓመት የፈጀብኝን። ከእያንዳንዱ ነጥብ ግራና ቀኝ የሚወጣው እጀታ መስመሩ ከነጥቡ በየት አቅጣጫ እንደሚወጣና ያንን አቅጣጫ ይዞ ምን ያህል እንደሚጓዝ ይወስናል። ይህ ስሌት ለሠዓሊ ተብሎ የተፈጠረ እንዳይመስልሽ። ሁለት ፈረንሳውያን የመኪና አካል ጥምዞችን በቁጥር ለመግለጽ ሲሉ ያገኙት ነው። ፖል ደ ካስትልዦ በሲትሮኤን እ.ኤ.አ. በ1959 ደረሰበት፤ ኩባንያው ግን ሥራውን በምስጢር ያዘው። በሬኖ የነበረው ፒየር ቤዚዬ በ1960ዎቹ አሳተመውና መስመሩ በእርሱ ስም ቀረ። ቤዚዬ ከርቭ ሲሉ የምትሰሚው ይህ ነው። ይህን የምነግርሽ መስመሩን እንዳትፈሪው ነው። የተሠራው ረጅም፣ ለስላሳ፣ ሳይቆራረጥ ለሚሄድ ጥምዝ ነው፤ በየሚሊ ሜትሩ ነጥብ ስትረጪበት ከተፈጥሮው ጋር ትጣዪዋለሽ።

ነጥብ የት ይቀመጥ? ጥምዙ ከሁሉ በላይ ከፍ ባለበት፣ ከሁሉ በታች ዝቅ ባለበት፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው በወጣበት ቦታ። ክብን ተመልከቺ፤ ዙሪያው ሁሉ ጥምዝ ሆኖ አራት ነጥብ ብቻ አለው። በእነዚህ ቦታዎች ላይ እጀታው ቀጥ ብሎ ወይ ቆሞ ወይ ተጋድሞ መሆን አለበት፤ ስትስቢው የኮንትሮልን ቁልፍ ተጭነሽ ያዢ፣ ማዕዘኑን ይጠብቅልሻል። ርዝመቱን ደግሞ እስከሚቀጥለው ነጥብ ካለው መንገድ አንድ ሦስተኛ ያህል አድርጊው። ከዚያ እያየሽ ታስተካክያለሽ። ሹል ነገር ሲያጋጥምሽ፣ እንደ ዶሮው ምንቃር ያለ፣ እዚያ ነጥቡ ለስላሳ ሳይሆን ማዕዘን ይሁን። ጀማሪዎች ምንቃሩን ለስላሳ አድርገው ዶሮውን ዳክዬ ሲያስመስሉት አይቻለሁ።

ለልምምድ የሰው ፊት ወይም አበባ አትጀምሪ። ፊደላችንን ሥሪ። ታፔላ በብሩሽ ስጽፍ የኖርሁበት ነገር ስለሆነ አዳልቼ ይሆናል፤ ነገር ግን ከእርሱ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። በመጀመሪያው ቀን ዐይኑ ዐን ሥሪ። አንድ ክብ አውጪ፣ በላዩ ላይ ቁመቱ ትንሽ ብቻ የሚያንስ፣ ጎኑ ግን ጠበብ ያለ ሞላላ አስቀምጪ፣ ሁለቱን መርጠሽ ኮንትሮልንና የመቀነስ ምልክቱን ተጫኚ። የላይኛው የታችኛውን ይቆርጠዋል፤ ጎኑ ወፍራም፣ ላይና ታቹ ቀጭን የሆነ ዐ ይወጣልሻል። በመቃ ብዕር የተጻፈ የብራና ፊደል እንዲህ ነው፤ ቋሚው ይወፍራል፣ አግዳሚው ይሳሳል። ስምንት ነጥብ ብቻ። በማግሥቱ መሐሉ ላይ አግዳሚ ጨምሪበት፣ ፀሐዩ ፀ ሆነ። አግዳሚውን አንሥተሽ ቋሚ አድርጊለት፣ ወ ሆነ። ቋሚውን ወደ ታች አስረዝሚው፣ ቀ ይሆናል። በሳምንቱ መጨረሻ ንጉሡ ሠን ሞክሪ፤ እዚያ ጥምዝና ቋሚ የሚገናኙበት ቦታ ያስቸግርሻል፣ ያስተምርሻልም።

አንድ ነገር ደግሞ ኮምፒውተሩ አይነግርሽም። ዐንና ለን በትክክል በአንድ ቁመት ብትሠሪያቸው ዐ ያጠረ ይመስላል፤ ዐይን ክብን ያሳንሳል። ስለዚህ ክቡን ከላይም ከታችም ከመስመሩ ትንሽ አሳልፊው። 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው ፊደል ላይ እኔ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አሳልፋለሁ። በብሩሽ ጊዜ ኖራ የነካ ክር ወጥሬ መስመር እመታ ነበር፤ አንቺ ከስክሪኑ ዳር ካለው ማስመሪያ ላይ የመምሪያ መስመር ጎትተሽ ታወርጃለሽ። መስመሩ ያው ነው፣ ክቡ የሚያልፈውም ያው ነው።

ፊደሉ ሲለምድሽ የእናትሽን የቀሚስ ጥበብ አንሺ። መስቀሉን ሙሉውን አትሣዪው። ግማሹን ሥሪና ገልብጠሽ አጋጥሚው፤ አንዱን ካበጀሽ በኋላ በአልት እና በዲ ቁልፍ ክሎን የሚባለውን ቅጂ እያወጣሽ ደርድሪ። ክሎኑ ከዋናው ጋር የተሳሰረ ነው፤ ዋናውን ስታርሚ መቶውም አብሮ ይታረማል። ለሞሰብ ደግሞ የጥለቱን አንድ ክፍል በመሐል ነጥብ ዙሪያ እያዞርሽ ትደግሚዋለሽ። ሸማኔውና ሰፊዋ የሚያደርጉት ይህንኑ ስለሆነ እጅሽ ቶሎ ይገባዋል።

ስለ ጽሑፍ የምነግርሽ ደግሞ ከኪሴ የከፈልሁበት ነው። ከዓመታት በፊት የሠርግ መጥሪያ ሠርቼ ፋይሉን ለአንድ ማተሚያ ቤት ሰጠሁ። በእነርሱ ኮምፒውተር ላይ የእኔ የፊደል ዓይነት አልነበረም። ኮምፒውተሩ በሌላ ሰፋ ያለ ፊደል ተካው፤ መስመሮቹ ተገፉ፤ የመጨረሻው መስመር ከክፈፉ ወጥቶ ጠፋ። የመጨረሻው መስመር የድግሱ ቦታ ነበር። 300 ካርድ ታትሞ መጣልኝ፤ የሙሽራዋ አባት ካርዱን ይዞ ዝም ብሎ ሲያየኝ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። በገንዘቤ እንደገና አሳተምሁት። ስለዚህ ፋይል ከእጅሽ ከመውጣቱ በፊት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይሪው፤ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ሲ በአንድ ላይ። ነገር ግን ይህን በቅጂው ላይ አድርጊ፤ አንዴ ቅርጽ ከሆነ ፊደል መሆኑ ያበቃል፣ ማረም አትችይም። ከመቀየርሽም በፊት ስሙን ለባለቤቱ አሳይተሽ አስነብቢው። ሠርፀ በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ? የሰው ስም በግምት አይጻፍም።

የድሮ ሰው ፋይል ከፍተሽ አማርኛው የላቲን ፊደል ዝርክርክ ሆኖ ብታገኚው አትደንግጪ። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ዝርዝር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፊደሎች በላቲኑ ቦታ ላይ ተደርበው የተቀመጡ ነበሩና ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ላቲኑ ይወጣል። አንቺ ለአዲስ ሥራ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉትን የፊደል ዓይነቶች ተጠቀሚ፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ።

ጓደኞችሽ ኢለስትሬተር የሚባለውን በገንዘብ የሚሸጥ የሥዕል ፕሮግራም በተሰረቀ ቁልፍ እንደሚከፍቱ ነግረሽኛል። አንቺ ግን በኢንክስኬፕ ቀጥዪ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በነጻ የሚሰጥ ነው፤ አንዴ ካወረድሽው ኢንተርኔት አይጠይቅሽም፣ በአሮጌው ላፕቶፕሽም ይሠራል። ሥራሽንም ኤስቪጂ በሚባል የፋይል ዓይነት ያስቀምጠዋል፤ ያ የአንድ ኩባንያ ንብረት ያልሆነ የድረ ገጽ መስፈርት ነው። እኔ የተማርሁት ኮረልድሮው በሚባል ሌላ የሥዕል ፕሮግራም ነበር፣ እዚህ ያሉ ታፔላ ቤቶች አብዛኞቹ ያንን ስለሚጠቀሙ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስሻገር የተቸገርሁት ቁልፎቹ ያሉበትን ቦታ እስክለምድ ብቻ ነው፤ ነጥቡና እጀታው በሁሉም ዘንድ አንድ ነው።

ሌላው ትንሽ ትንሽ ነገር ነው። ለኅትመት ስትሠሪ ቀለሙን ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር አሳልፊ፣ መቁረጫው ነጭ መስመር እንዳያስቀር። በስክሪን የሚያበራው አረንጓዴ በወረቀት ላይ ይጠወልጋል፤ ደንበኛ ከማየቱ በፊት አንድ ገጽ አሳትመሽ እይው። መብራት ሊሄድ ስለሚችል በየጥቂቱ ኮንትሮልና ኤስ ተጫኚ።

ዶሮውን እስከ እሑድ ድረስ እንደገና ሠርተሽ ላኪልኝ። ከ60 ነጥብ ባይበልጥ እወዳለሁ፤ ቢበልጥም ላኪው፣ አብረን እየቀነስን እናየዋለን። ቀይ ስቲከር ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ቆርጬ የምለጥፈው በሱቁ በር መስታወት ላይ ነው፤ የድሮውን ማስታወቂያ ልጬ ቦታውን ዛሬ ጠዋት አጽድቼዋለሁ።

እናትሽና ወንድሞችሽ ሰላም ብለውሻል።

አባትሽ