ስለ ኮምፕረሰሩ

ሐዋሳ፣ ኅዳር 2018

ለዶርም ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? ዓመት አልፎት ሳልደውልልሽ ቀረሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በዪኝ። ይቅርታውን በዚህ የምገታው ከሱ የሚከብድ ነገር ስላለኝ ነው።

የጥርስ ክሊኒኩን ላስረክብ ነው።

በ2005 የከፈትኩት፣ አንቺ ራስሽ ከአዳማ መጥተሽ መጋረጃውን የሰቀልሽበት ክሊኒክ። ምክንያቱ እጄ ነው። ከአምና ጀምሮ ሦስት ጣቶቼ ይደነዝዙኛል። አንድ ቀን መንጋጋ እየነቀልኩ ሳለሁ ፎርሴፕሱ፣ መንቀያው፣ እጄ ውስጥ መኖሩን ያወቅኩት በዓይኔ አይቼ ነው። ማታውኑ ወሰንኩ። ስለ ኪራዩ አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ።

ገዢው ወጣት ሐኪም ነው፣ ጨዋ ልጅ። በወንበሩም፣ ዕቃ በእንፋሎት በምናመክንበት በአውቶክሌቩም፣ በጉድዊሉም (በክሊኒኩ ስምና ደንበኛ ዋጋ) ተስማምተናል፤ ለኤክስሬዩ የጨረር ፈቃዱን በራሱ ስም ያወጣል። እኔም እስከ ታኅሣሥ 30 ንግድ ፈቃድ ከማደስ መልሼው፣ የግብር ክሊራንሴን ይዤ ቁልፉን መስጠት ነው ያሰብኩት። ይኼ ሁሉ በወረቀት የሚያልቅ ነገር ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ካርዶቹ ናቸው።

ልጁ ዕቃ ሲቆጥር ከመደርደሪያው ቀጥሎ «የታካሚ ካርድ» ብሎ ጻፈ። ክፋት የለበትም፣ እኔም ስጀምር እንደሱ ነበርኩ። ግን ካርዱ ላይ ያለው የሰውየው ምስጢር ነው፤ ሳልጠይቀው ለሌላ ሐኪም እንዴት እሰጠዋለሁ? ስለዚህ ከረዳቴ ጋር ማታ ማታ እየደወልን ነው። «ለአዲሱ ሐኪም ይተላለፍ ወይስ ኮፒ ወስደው ሌላ ጋ ይሄዳሉ?» እንላለን። ግማሹ ስልክ አይሠራም። የሚያነሱት ደግሞ አንዳንዶቹ ይመርቁኛል፣ አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ፤ አንድ አባት «እኔ እስክሞት እንኳ ብትቆዪ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

ከነሐሴ ወዲህ አዲስ ብሬስ፣ የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ፣ አልጀመርኩም። የጥርሳቸው ሥር ተከፍቶ በጊዜያዊ ሙሌት ያሉትን ሦስት ሰዎች ቅድሚያ ሰጥቼ እየጨረስኩ ነው፤ ያ ሙሌት የሳምንታት እንጂ የወራት አይደለም፣ እንደተከፈተ ለሰው ጥዬ አልሄድም። ብሬስ ያሰሩት አራት ናቸው፤ አንደኛው ገና ዓመት ይቀረዋል። እሱን ለማን ልስጠው? ዋጋውን አስቀድሞ ከፍሎኛል እኮ።

ከሁሉም አንዲት ልጅ አለች። ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምትሠራው። ያደገችው ዝዋይ አካባቢ ፍሎራይድ የበዛበት፣ ጥርስ የሚያበላሽ የጉድጓድ ውኃ እየጠጣች ነው፤ አንቺ የወንጂን ልጆች ጥርስ እያየሽ ስለኖርሽ ምን እንደሚመስል አልነግርሽም። በሊትር 1.5 ሚሊግራም የምትለዋን የፍሎራይድ ጣሪያ ቁጥር ለፈተና ስንሸመድድ እንዲህ ያለ ፊት ይዛ ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ስትስቅ በመዳፏ ትሸፍናለች። ከደመወዟ እየቆጠበች ስድስቱን የፊት ጥርሶች በኮምፖዚት፣ የጥርስ ቀለም ባለው ሙሌት፣ ልታሸፍን መጣች። አራቱን ሠራሁላት። አራተኛው ቀን መስታወት ስሰጣት እጇ ወደ አፏ መጣና መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ቆመ በቃ! ያንን ያየሁ ቀን ክሊኒክ የከፈትኩበት ምክንያት ገባኝ ብልሽ አላጋነንኩም። ሁለቱ ግን ቀሩ፣ ገንዘቧም አልቋል። ቁልፉን ሳላስረክብ በነጻ እጨርስላታለሁ፤ እጄ ጠዋት ጠዋት ይሻለኛል፣ ጠዋት ቀጥሬያታለሁ።

አሁን ወደ ፈራሁት ነገር ልምጣ።

በ2017 መስከረም፣ አንቺ ክሊኒክሽን ስትዘጊ፣ አንድ ደላላ ከአዳማ ኮምፕረሰር፣ መሰርሰሪያውን በአየር የሚያንቀሳቅሰውን፣ ጭኖ መጣ። ጎኑ ላይ በማርከር «ማታ ማታ ውኃውን አፍስሺ» ተብሎ ተጽፎበታል። ያንን እጅ ጽሑፍ አምስት ዓመት ሙሉ ኖት ስገለብጥበት የኖርኩ ሰው አይጠፋኝም። አውቄው ገዛሁት። ገንዘቡ እንደሚያስፈልግሽ እያወቅኩም ተከራክሬ አስቀነስኩ።

ከዚያ እንዴት ልደውልልሽ? «ዕቃሽ እኔ ጋ ነው» ብዬ ልጀምር? ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቼ ነበር። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ተብሎ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ሲያልፍ፣ የማደንዘዣውም የሙሌቱም ዋጋ እኔንም ያንገዳግደኝ ነበር። ስላንቺ መዝጋት ካወራሁ ተራው ወደኔ የሚመጣ መሰለኝ። ብቻሽን ዘጋሽ። እኔ ነበርኩ አጠገብሽ መሆን የነበረብኝ።

እዚህ ጋ ስትደርሺ ያቺን የጅማ ዶርም ኩርፊያሽን እንደምታኮርፊ አውቃለሁ፤ ሦስት ቀን ሙሉ «ጨው አቀብዪኝ» ቢሉሽ አትሰሚም። አኩርፊ፣ ይገባኛል። በአራተኛው ቀን ግን መልሺልኝ፦ አንቺ የጀመርሻቸውን ሰዎች ለማን ሰጠሽ? ምን ብለሽ ነገርሻቸው? የከፈሉሽንስ እንዴት አካፈልሽ? ከጓደኞቻችን ይህን ያለፈበት ካንቺ ሌላ ሰው የለኝም።

ኮምፕረሰሩን ከሽያጩ ዝርዝር አውጥቼዋለሁ። ልጁ ሌላ ይገዛል፣ ነግሬዋለሁ። ላንቺ ልመልሰው ወይስ ሸጬ ብሩን ያኔ ካስቀነስኩት ጋር ልላክልሽ፣ አንቺ ወስኚ። ረዳቴ እስከ ዛሬ ማታ ማታ ጽሑፍሽን እያየች ውኃውን ታፈሳለች።

ቅዳሜ በሞጆ በኩል ብትመጪ አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ እንበላለን፤ ካርዶቹንም አብረን እናያለን። ካልቻልሽ ስልኬ ያው ነው። ከ12 ሰዓት በኋላ ደውዪ፤ ከዚያ በፊት ኮምፕረሰርሽ ስለሚጮህ አልሰማሽም።

ያንቺዋ