የመስቀል ወፍ የት ይከርማል?

አዲስ አበባ፣ መስከረም 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፤

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረዎ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? እኔም ባለቤቴም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በጳጉሜን ስንደዋወል «ለመሆኑ በዚያ በከተማችሁ ዙሪያ አደይ የሚባል ነገር ተርፏል?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አጥቼ ወሬ መለወጤን ሳያስተውሉ የቀሩ አይመስለኝም። የቁራ መልእክተኛ ሆኜ እንዳልቀር፣ ሄጄ ያየሁትን በጽሑፍ ልንገርዎ ብያለሁ፤ በስልክማ እኔ እየጮኽሁ እርስዎም «እ?» እያሉ፣ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ወዳለው ወደ መናገሻ ሱባ ደን ወጣሁ። ስለዚህ ደን ሊሰሙት የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ ስላዩት፣ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እንዳስተከሉበት ይነገራል። ከወፍ ዋሻ፣ ማለትም ከእርስዎ ጓሮ! ግንዱን ለሁለት ሆነን አቅፈን እጃችን አልገናኝ ባለን ጽድ ሥር ቆመን ይህንን ለልጆቹ ስነግራቸው፣ ታናሹ «ታዲያ የአያባ ዘመድ ነው» አለኝ፤ እኔም አላረምሁትም።

ክረምቱ ገና ጓዙን ጠቅልሎ ስላልወጣ የእግር መንገዱ ጭቃ ነበር፤ በዝግባውና በወይራው መካከል ሽቅብ ስንወጣ አንድ ጊዜ ተንሸራትቼ፣ ልደገፍ ብዬ የጨበጥሁት ሳማ ሆኖ መዳፌን እስከ ማታ ሲለበልበኝ ዋለ። ኮሶው ከፍ ባለው ቦታ ላይ ይታያል። የምኒልክ ድኩላ ለማየት ጓጉተን ነበር፤ ነገር ግን በጭቃው ላይ ከተተወልን ኮቴ በቀር አላገኘንም፤ ልጆች ይዞ ድኩላ መፈለግም ለካ ከንቱ ነው።

ጉሬዛ ግን እንደ ልባችን አየን። አምስት ሆነው ከአንድ ዛፍ ላይ ቅጠል እየሸመጠጡ ይበሉ ነበር፤ ከእናቱ ደረት ላይ የተለጠፈው ግልገል ግን ከአናቱ እስከ ጅራቱ ነጭ ነው። ልጆቹ የሌላ እንስሳ ልጅ መስሏቸው ተከራከሩ። ጉሬዛ ሲወለድ እንዲህ ነጭ ሆኖ፣ ጥቁሩን ለብሶ ነጩን ካባ የሚደርበው ወራት ቆይቶ መሆኑን ስነግራቸውም በሙሉ ልብ አላመኑኝም።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። አደዩ ከደኑ ውስጥ የለም፤ ጥላ አይወድም። ከደኑ ዳርቻ ወደ ገላጣው ስንወጣ ግን መስኩ ሁሉ ቢጫ ነበር። ተቀምጬ አንዷን አበባ በቅርብ አየሁ፤ ጤዛው ገና አልረገፈም፣ መካከሏ ላይ ያረፈችው ንብ የኋላ እግሮቿ ላይ የምሥር ክክ የሚያህል የአበባ ብናኝ ተሸክማ፣ ለመነሣት ሁለት ጊዜ ሞክራ በሦስተኛው ተሳካላት። ቀፎዎችዎ ትዝ አሉኝ።

እዚያው አረም ጫፍ ላይ የመስቀል ወፍ አገኘን፤ ሰውነቱ ከሰል የመሰለ ጥቁር፣ ትከሻውና ወገቡ ልክ እንደ አደዩ ቢጫ። ላባውን ነፍቶ ከአንዱ አገዳ ወደ ሌላው ሲበር ኳስ ይመስል ነበር። በልጅነቴ «ለመስቀል መጥቶ ይሄዳል» ብለው የነገሩኝን እስከ ዛሬ አምኜ ኖሬያለሁ፤ ሆኖም አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወፉ የትም አይሄድም። ወንዱ በክረምቱ ዝናብ ለመራቢያ ይህን ልብስ ይለብሳል፣ ወቅቱ ሲያልፍ ጥቁር ላባውን ጥሎ እንደ ሴቷ ቡናማና ዝንጉርጉር ይሆናል፤ እኛም በጥርና በየካቲት ሌላ ድንቢጥ መስሎን እናልፈዋለን። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ የምል ነኝና «የመስቀል ወፍ» እያሉ ሲቀልዱብኝ ኖረዋል፤ ይህን እውቀት ለራሴ ጥብቅና እንዳልጠቀምበት ግን ባለቤቴ አስጠንቅቃኛለች።

ለዚህ መስቀል መድረስ አልቻልሁም፤ ፈቃድ አላገኘሁም። በጥቅምት መጨረሻ ማር በሚቆረጥበት ሳምንት ከነልጆቹ እመጣለሁ፤ እስከዚያው በዚያ ጉልበትዎ መሰላል ላይ ወጥተው ቀፎ እንዳይነኩ እለምንዎታለሁ። ያን ጊዜ የወፉ ጥቁር ላባ መርገፍ ይጀምር ይሆናል፤ ከአጥሩ ላይ ከቡናማዎቹ መካከል ወንዱን ለይተው እንዲያሳዩን ለልጆቹ ቃል ገብቼባቸዋለሁ።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ልጅዎ