የጥር ፕሮግራማችን፦ ከጥምቀት እስከ ዘጌ

ሰላም ናችሁ ውድ አባላት፣

ጥር ደረሰ፤ ባሕር ዳር አምሮባት የምትታይበት ወር። ጥር 11 ጥምቀትን አብረን እናከብራለን። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ታቦታቱን አጅበን ዝማሬውን፣ ሽብሸባውንና የወጣቶቹን ጭፈራ እዚያው መሃላቸው ሆነን እናያለን።

ከበዓሉ በኋላ ባለው ቅዳሜ በጣና ሐይቅ ላይ በጀልባ ወደ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም እንሻገራለን። እባካችሁ ይቺ እንዳታመልጣችሁ! መቅደሱን ዙሪያውን የሸፈኑትን ሥዕሎች በጥድፊያ ፎቶ አንስቶ መውጣት ነውር ነው። ረጋ ብላችሁ ዓይኖቹን ተመልከቱ። በድሮው የአሣሣል ወግ ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ክፉዎች ግን በጎን ስለሚሣሉ አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። የበላዔ ሰብንም ታሪክ ፈልጉት። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። በፍርድ ጊዜ ለተጠማ የሰጣት ጥርኝ ውኃ፣ እመቤታችን ጥላዋን ስላሳረፈችባት፣ ሚዛን ደፋችለት። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ይህ ሥዕል ትምህርት ቤቱ ነበር።

ነጠላ ያዙ፤ ጫማ ውጭ ይወልቃል። የጣናው ደሴት ገዳም ክብራን ገብርኤል ሴቶችን ስለማያስገባ ትተነዋል፤ እህቶቻችን ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው እንዲጠብቁን አንፈልግም።

ማታ አዝማሪ ቤት ነን። «ተቀበል!» የምትሉት ግጥም ከወዲሁ አዘጋጁ። ባለፈው ዝም ያላችሁ ዘንድሮ አትተርፉም!

ጀልባው ጠዋት 2 ሰዓት ይነሳል፤ አንድም ሰው አይጠብቅም። የምትመጡ እስከ ረቡዕ ስማችሁን አስመዝግቡ።