የጥላውን ዛፍ ማን ይቆጥረዋል?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የዓለም ሙቀት ጨመረ ሲባል ብዙዎቻችን የሩቅ አገር ወሬ ይመስለናል። እኔ ግን የማየው ቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ነው። አምና ኅዳር ላይ፣ ቡናው ተለቅሞ እንደተሰጣ፣ ያልታሰበ ዝናብ መጣ። ሸራ ይዘን ሮጥን። ግማሹ ሻገተ።

የአረቢካ ቡና የሚስማማው በአማካይ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ ፍሬው ያለጊዜው ይበስላል፤ ጣዕሙም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ፓሪስ ላይ አገሮች የዓለም ሙቀት ጭማሪ፣ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው ሲለካ፣ ከ1.5 ዲግሪ እንዳያልፍ እንጥራለን ብለው ነበር። የ2024 ዓመታዊ ሙቀት ያን መስመር አለፈው። ምድርን የሚያሞቀውን ጋዝ በአብዛኛው የለቀቁት ሌሎች ናቸው፤ ዕዳው እኛ ደጅ መጣ እንጂ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የራሳችን ሥራ ነው። ለቡናው ጥላ የሚሆኑትን ዛፎች፣ ዋንዛውንና ሰሳውን፣ እየቆረጥን ባሕር ዛፍና ጫት እንተክላለን። (ጎረቤቴን አልወቅስም፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይሸጣል፣ ቡና አንዴ ነው።) ክረምት በመጣ ቁጥር ስንት ችግኝ እንደተተከለ በሬዲዮ እንሰማለን። ስንት የጥላ ዛፍ እንደተቆረጠስ? እስቲ ጋዜጠኛ ወደ ገጠሩ ላኩና ጠይቁልን። ቡናው ከእኛ ነው።

አንድ ቡና አልሚ፣ ከጅማ